ትዊተርን በመዛባቱ መመዘን፦ ልኬቱ ምን ይነግረናል፣ ምንስ ይሰውርብናል?

አንዱ ትዊተር (የስፒከር ቀጭን ድምፅ ማውጫ) «መዛባቱ 0.3 በመቶ»፣ ሌላው «0.8 በመቶ» ተብለው ጎን ለጎን ቢቀርቡ ገዢ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። የሚፈርድበትም የለም። ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች ብቻቸውን ለፍርድ አይበቁም። በምን ያህል የድምፅ ከፍታ ተለኩ? በየትኛው ድግግሞሽ ላይ? ማይክሮፎኑ ከምን ርቀት ሰማቸው? እኩል የተደረገው የተሰጣቸው ቮልቴጅ ነው ወይስ ያወጡት ድምፅ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስካላገኙ ድረስ ባለ 0.8ቱ ከባለ 0.3ቱ የበለጠ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ስለ ቀጭን ድምፅ ማውጫዎች መዛባት ብዙ ተለክቷል፤ ብዙም ተጽፏል። አምራቾች፣ የመጽሔት ላቦራቶሪዎችና ስፒከር በእጃቸው የሚሠሩ አድናቂዎች ለአሥርተ ዓመታት ግራፍና ሰንጠረዥ ሲያወጡ ኖረዋል። ይህ ሁሉ ሥራ ተደምሮ ሲታይ እኔን የሚያደርሰኝ ወደ አንድ አቋም ነው፦ የመዛባት ልኬት ትዊተሮችን ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ለመደርደር ደካማ መሣሪያ ነው። አንድ ትዊተር ከየትኛው ድግግሞሽ ጀምሮ፣ እስከ ስንት ዴሲቤል ድረስ ሊታመን እንደሚችል ለማወቅ ግን ምትክ የለውም።

መዛባት ከየት ይመጣል

ለትዊተር የ2 ኪሎኸርዝ ንጹሕ ቃና ብንሰጠው ከዚያው ቃና ጋር የ4፣ የ6፣ የ8 ኪሎኸርዝ ጭማሪ ቃናዎችን ያወጣል። ሐርሞኒክ ይባላሉ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እየተባሉ ይቆጠራሉ። ጥንካሬያቸው ከዋናው ቃና አንጻር በመቶኛ ወይም በዴሲቤል ይጻፋል፤ ከዋናው 40 ዴሲቤል ዝቅ ያለው ሐርሞኒክ 1 በመቶ፣ 60 ዴሲቤል ዝቅ ያለው 0.1 በመቶ ነው። ሁለት ቃና አንድ ላይ ስንሰጠው ደግሞ በድምራቸውና በልዩነታቸው ላይ፣ እንዲሁም በግራና በቀኛቸው፣ በምንጩ ውስጥ ያልነበሩ ሌሎች ቃናዎች ይፈጠራሉ። ይህኛውን ባለሙያዎቹ ኢንተርሞዱሌሽን ይሉታል።

ትዊተር ከሌሎች ስፒከሮች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ንጽጽሮችም ይህን ልዩነት ችላ ይሉታል። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ጣሪያው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ የሆነ ቃና ሁለተኛ ሐርሞኒኩ፣ ከ6.7 ኪሎኸርዝ በላይ የሆነው ደግሞ ሦስተኛ ሐርሞኒኩ ከመስማት ክልል ውጭ ይወድቃል። በግራፉ ቀኝ ጫፍ ላይ የሚታየው ሽቅብና ቁልቁል በአብዛኛው ማንም የማይሰማው ነገር ነው። ኢንተርሞዱሌሽን ግን ወደ ታች ተመልሶ ይመጣል። 12 እና 13 ኪሎኸርዝ አብረው ሲጫወቱ የሚፈጠረው የ1 ኪሎኸርዝ ቃና የሚያርፈው ጆሮ በደንብ በሚሰማበት ቦታ ነው፤ የሚፈጠረውም ትዊተሩ ውስጥ ስለሆነ ከፊቱ የተቀመጠው፣ ድግግሞሹን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር አያግደውም። ሐርሞኒክ ብቻ ለክቶ ስለ ላይኛው ክልል ፍርድ የሰጠ ሰው ዋናውን ነገር ሳይፈትሽ አልፏል።

የችግሩ ትልቁ ምንጭ ጉዞ ነው፤ አየር የሚገፋው የትዊተሩ ጉልላት ከመሃል ተነሥቶ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው ርቀት ማለቴ ነው። የድምፁ ከፍታ ሳይቀየር ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ ጉዞው አራት እጥፍ ያድጋል። ሒሳቡን በተለመደው ባለ 25 ሚሊሜትር ጉልላት ላይ እንሥራው። አየሩን የሚገፋው ስፋት 7 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይሁን፤ ትዊተሩም በሰፊ ሰሌዳ ላይ ተገጥሞ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል እንዲያወጣ እንፈልግ። በ2 ኪሎኸርዝ ጉልላቱ ወደ አንድ ወገን የሚሄደው 0.04 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ1 ኪሎኸርዝ 0.17 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከፍታውን ወደ 96 ዴሲቤል ስናወጣው ሁለቱም እጥፍ ይሆናሉ፤ 0.085 እና 0.34 ሚሊሜትር።

አሁን ወደ ማግኔቱ ክፍተት እንመልከት። የክፍተቱ ቁመት 2 ሚሊሜትር፣ በውስጡ የሚንቀሳቀሰው ኮይል ቁመት 1.5 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ኮይሉ ወጥ ከሆነው መግነጢሳዊ መስክ ሳይወጣ ሊሄድ የሚችለው ወደ እያንዳንዱ ወገን ሩብ ሚሊሜትር ነው። በ2 ኪሎኸርዝ 96 ዴሲቤል ለዚህ ትዊተር ቀላል ሥራ ነው። በ1 ኪሎኸርዝ ግን ኮይሉ ከመስኩ ይወጣል፤ ጉልላቱን የያዘው ጠርዝም ተወጥሮ መገደብ ይጀምራል፤ መዛባቱ ያሻቅባል። ያው ትዊተር፣ ያው ማግኔት ነው፤ የተለወጠው የድግግሞሹ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ በ2.5 ኪሎኸርዝ የተቆረጠ፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለው ድምፅ በማጣሪያ የሚቀነስለት ርካሽ ትዊተር በ1.2 ኪሎኸርዝ ከተቆረጠ ውድ ትዊተር ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሞዴሉን ስም ብቻ የሚያወዳድር ሰው ይህን አያየውም።

የሚቆረጥበት መንገድም እንዲሁ ይወስናል። በኦክታቭ 6 ዴሲቤል ብቻ የሚቀንስ ማጣሪያ ጉዞውን አይገታም፤ ከመቁረጫው በታች ጉዞው እየጨመረ ይሄዳል። ባለ 12 ዴሲቤሉ ጉዞው ባለበት እንዲቆይ ያደርገዋል። በእርግጥ የሚቀንሰው ባለ 24 ዴሲቤሉ ነው፤ ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝና ረስ ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቁት ክሮስኦቨር እስከ ዛሬ ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ይመስለኛል። እንግዲህ ያለ ማጣሪያ የተለካ የትዊተር ግራፍ የታችኛው ክፍል፣ ትዊተሩ በሥራ ላይ የማይገጥመውን ሁኔታ ያሳያል ማለት ነው። ጥቅም የለውም አልልም፤ ገደቡን ያሳያል። የዕለት ተዕለት ጠባዩን ግን አያሳይም።

ከጉዞ ውጭ ያለው ምንጭ ኤሌክትሪክና ብረት ነው። በድሬስደን የሚሠራው ጀርመናዊ ቮልፍጋንግ ክሊፕል የስፒከር መዛባትን ከምንጩ በመለየት ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የሞተሩ (የማግኔቱና የኮይሉ) ጉልበት፣ የጠርዙ ጥንካሬና የኮይሉ ኢንዳክታንስ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጡ ለይቶ መለካት የተለመደ ሥራ የሆነው በእርሱ ጥረት ነው። ከዚህ የሚወጣ ጠቃሚ መለያ አለ፦ ወደፊትና ወደኋላ እኩል ያልሆነ ነገር ሁለተኛ ሐርሞኒክን ይወልዳል፤ በሁለቱም ወገን እኩል የሚጠብብ ነገር ሦስተኛውን። ከ3 ኪሎኸርዝ በላይ ጉዞው ከቁጥር የማይገባ ስለሚሆን፣ እዚያ የሚቀረው መዛባት በአብዛኛው በኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት የማግኔቱን ብረት በመረበሹ የሚመጣ ነው። በብረቱ ራስ ላይ የሚገጠመው ስስ የመዳብ ቆብ ወይም ቀለበት የተፈለገው ይህን ለማብረድ ነው። በሚሸጥበት ሳጥን ላይ የማይጻፈው ይህ የመዳብ ቁራጭ፣ በደማቁ ከሚጻፈው የጉልላት ቁስ ይልቅ መዛባቱን ይወስናል ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሞካሪ የማያስተውለው ጉዳይ አለ። ስፒከር በተለመደው አምፕሊፋየር፣ ማለትም በቮልቴጅ ምንጭ ሲነዳ እና በጅረት ምንጭ ሲነዳ መዛባቱ አንድ አይደለም። ሚልስና ሆክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት ኮይሉን በጅረት መንዳት መዛባቱን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ኢንዳክታንሱና የኮይሉ ሙቀት ቢለዋወጡም ጅረቱ አይበረዝምና። ታዲያ የትዊተሩን ድምፅ ለመቀነስ ከፊቱ የሚገባው ሬዚስተርና የክሮስኦቨሩ ካፓሲተር የምንጩን ኢምፒዳንስ ያሳድጋሉ። ያው ትዊተር በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተገናኝቶ ሲለካና በክሮስኦቨር በኩል ሲለካ ሦስተኛ ሐርሞኒኩ ሊለያይ ይችላል። ሁለት ላቦራቶሪዎች ስለ አንድ ትዊተር የተለያየ ነገር ሲናገሩ፣ አንዱ አጥፍቷል ከማለት በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል።

እንዴት ይለካል

ቀደምቱ መንገድ አንድ ቃና ሰጥቶ የሚወጣውን መተንተን፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቃና መሄድ ነው። ትክክለኛ ነው፤ ለትዊተር ግን ይከብዳል። ረጅም ቃና ቀጭኑን ኮይል ያግለዋል፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.39 በመቶ ያህል ያድጋል። ኮይሉ 100 ዲግሪ ቢግል ሬዚስታንሱ በ39 በመቶ አድጎ በዚያው ቮልቴጅ የሚወጣው ድምፅ ወደ 3 ዴሲቤል በተጠጋ መጠን ዝቅ ይላል። ሞካሪው ሳያውቀው የሚለካው የጋለ ትዊተር ይሆናል።

ነገሩን የለወጠው የጣልያኑ አንጀሎ ፋሪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በፓሪስ በተካሄደው 108ኛው የኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ ጉባኤ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከታች ወደ ላይ በሎጋሪዝም ፍጥነት የሚወጣ አንድ ተከታታይ ቃና ከተሰጠ፣ በስሌት ወደ ኋላ ሲፈታ እያንዳንዱ ሐርሞኒክ በጊዜ ተነጥሎ እንደሚቀመጥ አሳየ። ለምሳሌ ከ500 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ በ10 ሰከንድ የሚወጣ ቃና ቢሆን፣ የሁለተኛው ሐርሞኒክ አሻራ ከዋናው 1.9 ሰከንድ ያህል፣ የሦስተኛው 3 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይታያል። በአንድ ሩጫ የድግግሞሽ ምላሹም መዛባቱም ተለካ ማለት ነው። ዛሬ ላፕቶፕና መለስተኛ የድምፅ ካርድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል፤ ትልቅ በረከት ነው። አንድ ወሰን ግን አለው፤ የድምፅ ካርዱ በ48 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ ከሆነ ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ ምንም ስለማያይ፣ የሦስተኛ ሐርሞኒክ መስመሩ ትርጉም የሚኖረው እስከ 8 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው።

ለኢንተርሞዱሌሽን የተለመዱት ጥንዶች ሁለት ናቸው። 60 ኸርዝና 7 ኪሎኸርዝን የሚያጣምረው ለአምፕሊፋየር የተዘጋጀ ስለሆነ ትዊተር አጠገብ መድረስ የለበትም፤ 60 ኸርዝ ትዊተርን ይሰብራል። 19 እና 20 ኪሎኸርዝን የሚያጣምረው ለትዊተር ይስማማል፤ የ1 ኪሎኸርዙን ልዩነትና የ18 ኪሎኸርዙን ጎረቤት መፈለግ ነው። ከዚህ የሚሻለው ብዙ ቃናዎችን በአንድ ጊዜ ሰጥቶ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ የሚበቅለውን ማየት ነው። ዩጂን ቸርዊንስኪ፣ አሌክሳንደር ቮይሽቪሎና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን መንገድ በስፋት መርምረውታል። ሙዚቃ ብዙ ቃና በአንድ ጊዜ የሚሄድበት ነገር ነውና ከአንድ ቃና ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ድክመቱ፣ ውጤቱን አንብቦ ምንጩን መለየት አለመቻሉ ነው፤ ጉዞው ይሁን ብረቱ አይነግርም። ዓለም አቀፍ ደረጃዎችም አሉ፤ አይኢሲ 60268-5 እና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኢሲ 60268-21 የሚታወቁት ናቸው። ዘዴውን ይደነግጋሉ እንጂ ስንት በመቶ መልካም እንደሆነ አይፈርዱም።

ንጽጽር የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ትልቁ ስሕተት ቮልቴጅን እኩል አድርጎ ማወዳደር ነው። 2.83 ቮልት ለ8 ኦም ትዊተር 1 ዋት፣ ለ4 ኦም ትዊተር 2 ዋት ነው። በዚያ ላይ የአንዱ ሴንሲቲቪቲ (በተወሰነ ቮልቴጅ የሚያወጣው ከፍታ) 96፣ የሌላው 89 ዴሲቤል ቢሆን፣ በእኩል ቮልቴጅ ጮክ ያለው ብዙ ሠርቶ ብዙ ይዛባል፤ ሰነፉ ትንሽ ሠርቶ ንጹሕ ይባላል። አንዱን ሯጭ ዳገት፣ ሌላውን ሜዳ አሩጦ ሰዓታቸውን እንደማወዳደር ነው። የሚወጣው ድምፅ በዴሲቤል እኩል ተደርጎ፣ ቮልቴጁ እንደየትዊተሩ መስተካከል አለበት። የአሜሪካው «ቮይስ ኮይል» መጽሔት ላይ ቫንስ ዲካሰን ለብዙ ዓመታት የሠራባቸው ሙከራዎች በዚህ ረገድ አርአያ ናቸው፤ ለቤት የሚሆኑ ስፒከሮችን በ1 ሜትር 94 ዴሲቤል እንዲያወጡ ካስተካከለ በኋላ ማይክሮፎኑን ወደ 10 ሴንቲሜትር አስጠግቶ መዛባቱን ይለካል። በኦታዋ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል አስተጋቢ ባልሆነ ክፍል ውስጥ ለ«ሳውንድስቴጅ» መጽሔት የሚሠሩት ልኬቶችም ከፍታውን በ2 ሜትር 90 እና 95 ዴሲቤል ብለው ይወስናሉ። እነዚያ ሙሉ ስፒከርን እንጂ ትዊተርን ብቻ አይለኩም፤ ሥርዓቱ ግን ለትዊተርም ትክክል ነው።

ሁለተኛው ክፍሉ ነው። ከጠረጴዛ ወይም ከግድግዳ የተመለሰ ድምፅ ዋናውን ቃና በአንድ ድግግሞሽ ላይ በ6 ዴሲቤል ቢያጠፋው፣ ሐርሞኒኩ ሳይለወጥ መቶኛው እጥፍ ይሆናል። ትዊተሩ ምንም አላደረገም፤ ግራፉ ግን ጉብታ ያወጣል። ማይክሮፎኑን ከ1 ሜትር ወደ 30 ሴንቲሜትር ማስጠጋት የቀጥታውን ድምፅ በ10 ዴሲቤል ያህል ስለሚያጎላው የክፍሉንም የውጭ ጫጫታውንም ጉዳት ይቀንሳል። ሲጠጋ ግን ማይክሮፎኑ ራሱ ይጨነቃል። ርካሽ ካፕሱሎች በከፍተኛ ድምፅ ላይ የራሳቸውን ሁለተኛ ሐርሞኒክ ያወጣሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የትዊተሩን ቮልቴጅ ሳይነኩ ማይክሮፎኑን በእጥፍ ማራቅ። መቶኛው ከወረደ የተዛባው ማይክሮፎኑ ነበር። በዝቅተኛ ከፍታ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ የሚታየው መስመር መዛባት ሳይሆን የክፍሉ ጫጫታ ይሆናል። 0.1 በመቶ ለመለካት ከዋናው ቃና 60 ዴሲቤል በታች ጸጥታ ያስፈልጋል፤ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር በሚገኝ ቤት ይህ በቀላሉ አይገኝም።

ሦስተኛው የናሙና ቁጥር ነው። ሁለተኛ ሐርሞኒክ ኮይሉ በክፍተቱ መሃል በትክክል መቀመጡን ስለሚከተል፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መንትያ ትዊተሮች ላይ እንኳ ሊለያይ ይችላል። ሦስተኛው ሐርሞኒክ ይበልጥ ከንድፉ የሚመጣ ስለሆነ ይጸናል። አንድ ናሙና ብቻ የተለካበት ንጽጽር ካጋጠመኝ በሦስተኛው ሐርሞኒክ ላይ እደገፋለሁ፤ ሁለተኛውን በጥርጣሬ አየዋለሁ።

ዓይነቶቹ ጎን ለጎን

ጉልላት ያለው ትዊተር በኤድጋር ቪልቹር አማካይነት በኤአር-3 ስፒከር ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገበያ ከወጣ ወዲህ ገበያውን ይዞ ቆይቷል። የሐር ጉልላት ለስላሳ ነው፤ በላይኛው ጫፍ ሳይጮህ ይደክማል። የአልሙኒየም ጉልላት እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል፤ በ25 እና በ30 ኪሎኸርዝ መካከል ግን እንደ ደወል ይጮሃል። ይህ ጩኸት የሚነሣበት ሬዞናንስ በ27 ኪሎኸርዝ ላይ ከሆነ፣ 9 ኪሎኸርዝ ሲጫወት ሦስተኛ ሐርሞኒኩ እዚያው ላይ ወድቆ ይጎላል፤ ግራፉም በ9 ኪሎኸርዝ ላይ አስደንጋጭ ጉብታ ያሳያል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ብረት ጆሮ ይወጋል» ይላል። ጉብታው ግን የ27 ኪሎኸርዝ ድምፅ ነው፤ የሚሰማው የለም። ሬዞናንሱ በ6 ኪሎኸርዝ ለሆነ የአልሙኒየም ዉፈር (ወፍራም ድምፅ ማውጫ) ይኸው ነገር እውነተኛ ችግር ነው፤ እዚያ ሐርሞኒኩ ጆሮ ውስጥ ይገባል። የስፒከር አምራቾቹ ፎካል እ.ኤ.አ. በ2002 ቤሪሊየምን፣ ቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ በ2005 አልማዝን ያስገቡት ይህን ሬዞናንስ ይበልጥ ወደ ላይ ለመግፋት ነበር። ለምላሹ ጥራት ይጠቅማል። በ2 ኪሎኸርዝ ላለው መዛባት ግን አልማዝ ምንም አያደርግም፤ እዚያ የሚሠራው ሞተሩ ነው።

ሪባን ትዊተር በብረት ላይ የተጠቀለለ ኮይል ስለሌለው በላይኛው ክልል እጅግ ንጹሕ ይሆናል። ሆኖም ቀጭኑ ሪባን ብዙ መሄድ አይችልም፤ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም በታች ስለሆነም ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩ በበኩሉ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ይዛባል። ከ3 ኪሎኸርዝ በታች ሲወርድ የሚያምረው ግራፍ ይበላሻል። በኦስካር ሃይል የተፈለሰፈው፣ በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያው ኢኤስኤስ ኩባንያ ገበያ የወጣው የታጠፈ ሽፋን ያለው ትዊተር አየሩን በእጥፋቶቹ መካከል ጨምቆ ስለሚያስወጣ በትንሽ ጉዞ ብዙ ድምፅ ያወጣል። 

ከቀንድ ጀርባ የሚገጠመው ኮምፕሬሽን ድራይቨር ልዩ ጉዳይ ነው። ሽፋኑ ፍጹም ቢሆን እንኳ ድምፁ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ አየሩ ራሱ ያዛባዋል። የተጨመቀ አየር ከሳሳ አየር በተለየ ፍጥነት ድምፅ ያስተላልፋል፤ ማዕበሉ ያዘነብላል፤ ሁለተኛ ሐርሞኒክ ይፈጠራል። የቤል ላቦራቶሪዎቹ ቱራስ፣ ጄንኪንስና ኦኔል ይህን እ.ኤ.አ. በ1935 በልኬት አሳይተዋል፤ ሐርሞኒኩ ከድግግሞሹና ከከፍታው ጋር አብሮ ያድጋል። በአብያተ ክርስቲያናትና በመስጊዶች ደጃፍ፣ በሠርግ ድንኳን አጠገብ የሚሰቀሉት ቀንድ ድምፅ ማጉያዎች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። እነርሱ ላይ የምንሰማው ሻካራ ድምፅ ግን በአየሩ ብቻ አይመካኝም። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋና የቃናው ጫፍ ሲቆረጥ የሚወለደው መዛባት ከጉሮሮው መዛባት በብዙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ የማጉያውን ቁልፍ ትንሽ መመለስ አዲስ ቀንድ ከመግዛት ይቀድማል።

ጆሮ ምን ይላል

የቢቢሲው ሾርተር እ.ኤ.አ. በ1950 ሐርሞኒኮች እኩል አይመዘኑም ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውን 1 ብለን ብንመዝን፣ በእርሱ ቀመር ሦስተኛው 2.25፣ አራተኛው 4፣ አምስተኛው 6.25 ይመዝናል። ምክንያቱ የጆሮ መሸፈን ነው፤ ጠንካራ ቃና ከእርሱ በላይ ቅርብ ያለውን ደካማ ቃና ይሸፍነዋል፤ ራቅ ያለውን ግን መሸፈን አይችልም። ኧርል ጌዴስና ሊዲያ ሊ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ሙከራ ሰዎች የተዛባ ሙዚቃ ሰምተው የሰጡት ፍርድ ከጠቅላላ ሐርሞኒክ መቶኛው ጋር ትርጉም ያለው ዝምድና አላሳየም፤ ከኢንተርሞዱሌሽን መቶኛው ጋርም እንዲሁ። በዚያው ዓመት ታን፣ ሙርና ዛካሮቭ ያሳተሙት ጥናት ጆሮ የሚሰማበትን መንገድ የሚከተል መለኪያ የሰዎችን ፍርድ በተሻለ ሁኔታ እንደሚተነብይ አሳየ። ይህ ከተገኘ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የትዊተር መግለጫዎች ግን ዛሬም፣ መዛባትን ከጠቀሱ፣ መቶኛ ብቻ ነው የሚጽፉት።

ጆሮ ሐርሞኒኮችን እኩል አለመመዘኑ ለትዊተር የምሥራች ነው። ጤነኛ ትዊተር የሚያወጣው በአብዛኛው ሁለተኛና ሦስተኛ ሐርሞኒክ ነው፤ እነርሱም ድምፁ ሲጨምር ያድጋሉ እንጂ በዝቅታ አይባሱም። ጆሮ የሚታገሠው ዓይነት ነው። የማይታገሠው፣ በክፍተቱ ውስጥ የገባ የብረት ቅንጣት ወይም ከመሃል የሸሸ ኮይል የሚያወጣው ጭረት ነው፤ መቶኛው ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ጆሮን ያስጨንቃል። በዋሽንት ነጠላ ዜማ ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ በማሲንቆ ላይ ሊደበቅ ይችላል፤ የማሲንቆ ድምፅ ራሱ በሐርሞኒክ የበለጸገ ነውና። በጆሮ የሚፈትሽ ሰው ዋሽንት ወይም የሰው ድምፅ ብቻውን ቢመርጥ ይበጃል። ፍሎይድ ቱል ለአሥርተ ዓመታት በሠራቸው የማዳመጥ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ የድግግሞሽ ምላሽና የድምፅ ስርጭት ከመዛባት በፊት እንደሚመጡ ጽፏል። በተመጣጣኝ ከፍታ ለሚሠራ ትዊተር እስማማለሁ። ወደ 1 ኪሎኸርዝ ተጠግቶ ተቆርጦ ሠርግ እንዲያደምቅ ለሚገፋ ትዊተር ግን መዛባቱ ቀዳሚ ጥያቄ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ንጽጽር እንዲያሳምነኝ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ከፍታው በ1 ሜትር ይጻፍ፤ ቢያንስ በሦስት ደረጃ፣ ለምሳሌ በ85፣ በ92 እና በ98 ዴሲቤል ይለካ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሐርሞኒክ ተለያይተው ይሣሉ፤ አምስተኛውም ካለ ይታይ። የሁለት ቃና ወይም የብዙ ቃና ሙከራ ለላይኛው ክልል ይጨመር። ማጣሪያ ካለ ዓይነቱ ይገለጽ፤ የአምፕሊፋየሩና የማይክሮፎኑ የራሳቸው መዛባት በግራፉ ላይ ይቀመጥ። በሦስቱ ከፍታዎች በተሣሉት መስመሮች ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ሦስተኛው ሐርሞኒክ ከከፍታው ጋር በፍጥነት መነሣት የሚጀምርበትን ድግግሞሽ ነው። 92 ዴሲቤል ላይ በ1.6 ኪሎኸርዝ ከተነሣ፣ ይህን ትዊተር ከ2 ኪሎኸርዝ በታች አልቆርጠውም። በሳጥኑ ላይ በትልቁ የታተመው ዋት ይህን አይነግርም፤ ዋት ኮይሉ ሳይቃጠል የሚሸከመውን ኃይል እንጂ ድምፁ ሳይዛባ የሚወጣበትን ወሰን አይለካም። የተቃጠለ ትዊተር የሚተካ ባለሙያም በዋቱና በቀዳዳው ስፋት ብቻ ከመምረጥ ይልቅ የሬዞናንሱን ድግግሞሽ፣ ሴንሲቲቪቲውንና የድሮው ክሮስኦቨር የሚቆርጥበትን ቦታ አስቀድሞ ቢያጣራ፣ አዲሱ ትዊተር ከሚችለው ድግግሞሽ በታች ተጎትቶ እንዳይሠራ ያደርጋል።